ፊውዥንና ፈጣን ሮኬት ቢሳኩ ለዲመካ ምን ይለወጣል?

ከእ.ኤ.አ. 2022 መገባደጃ ወዲህ ሁለት ዓይነት ዜና እየተመላለሰ ይሰማል። አንደኛው ፀሐይ የምትነድበት ኃይል በካሊፎርኒያ ቤተ ሙከራ ተገኘ ይላል። ሁለተኛው ወደ ማርስ የሚወስደውን የወራት ጉዞ በእጅጉ ያሳጥራል ስለተባለለት ሞተር ያወራል። አገር ውስጥም ነገሩ ተሟሙቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ማቀዷን ይፋ አደረጉ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ «ኒውክሌር» የሚለው ቃል ሁሉን ጠቅልሎ ይዟል፤ ሞስኮ የተፈረመውና ካሊፎርኒያ የተሞከረው አንድ ነገር የሚመስለው ብዙ ነው።

ነገሩን ከደቡብ ኦሞ፣ ከሐመር ወረዳ ዋና ከተማ ከዲመካ ሆኖ ማየት የሚጠቅመው ለጌጥ አይደለም። የኦሞ ሸለቆ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ወንዙ ላይ ሲያርፍ ከታች ያለው ሕዝብ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ በተግባር ያየ ቦታ ነው። አዲስ የኃይል ምንጭ ዓለምን ይለውጣል ሲባል የትኛውን ዓለም ብሎ ለመጠየቅ ይመቻል።

መሰንጠቅና ማዋሐድ

የሞስኮው ስምምነት የሚመለከተው ከሰባ ዓመት በላይ የተሠራበትን ቴክኖሎጂ ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። እዚህ ላይ የሚያከራክር ፊዚክስ የለም። የሚያከራክረው ገንዘቡና ጊዜው ነው። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ የምታስገነባው ማመንጫ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ሪአክተሮች ሲኖሩት ወጪው ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ 25 ቢሊዮኑ የሩሲያ ብድር ነው። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው መከራከሪያ ግን ውሃ የሚያነሳ ነው፤ ከመብራታችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከግድብ የሚገኝ በመሆኑ ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም ማመንጫ አብሮ ይደክማል።

ፊውዥን የዚህ ግልባጭ ነው። ከባዱን አቶም መሰንጠቅ ቀርቶ ቀላሎቹን፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉትን የሃይድሮጂን ዓይነቶች፣ ማዋሐድ ነው። ሁለቱም ኒውክሊየሶች ፖዘቲቭ ሙል ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ግፊያውን አሸንፈው እንዲገናኙ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የፀሐይ እምብርት ራሱ 15 ሚሊዮን ነው። ይህን ሙቀት የሚችል ዕቃ ስለሌለ፣ ፕላዝማ የሚባለውን የጋለ ነዳጅ ወይ በማግኔት አንጠልጥሎ ማቆየት፣ ወይ በሌዘር በቅጽበት ጨምቆ ከመበተኑ በፊት ማንደድ ግድ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የያዘው የካሊፎርኒያው ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022፣ 192 የሌዘር ጨረሮች ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት የነዳጅ ቅንጣት ላይ አነጣጠሩ። የገባው የሌዘር ኃይል 2.05 ሜጋ ጁል፣ የወጣው 3.15 ሜጋ ጁል ሆነ። ከገባው በላይ ሲወጣ በታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ ደስታው ይገባል። ዜናው የዘለለው ግን ሌዘሮቹ ራሳቸው ከመብራት መስመር የሳቡትን 300 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ሒሳቡን በኤሌክትሪክ ምጣድ እናውርደው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚበላ ምጣድ ቢሆን የወጣው ኃይል ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንጀራ ያስጋግራል፤ የተሳበው ግን ምጣዱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ያስኬደዋል። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ውጤቱ ከ8 ሜጋ ጁል በላይ ደርሷል። ያም ሆኖ ማመንጫ ለመሆን እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች በሰከንድ አሥር ያህል መንደድ አለባቸው።

በማግኔቱ ወገን እድገቱ ዝግ ያለ ቢሆንም የበለጠ ተስፋ የሚሰጠው ይኸኛው ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የተሰኘው ማሽን እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሊዘጋ ወራት ሲቀሩት፣ 0.2 ሚሊ ግራም በሆነ ነዳጅ 69 ሜጋ ጁል አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የቻይናው ኢስት የተባለ ማሽን ፕላዝማውን 1,066 ሰከንድ፣ በቀጣዩ ወር የፈረንሳዩ ዌስት 1,337 ሰከንድ ይዘው አቆዩ። ከሠላሳ በላይ አገሮች በደቡብ ፈረንሳይ በጋራ የሚገነቡት ኢተር ግን መርሐ ግብሩ ተገፍቷል፤ በትክክለኛው ነዳጅ የሚሞከረው እ.ኤ.አ. በ2039 እንደሚሆን በ2024 ተነግሯል። ኢተር ቢሳካም የምርምር ማሽን ነው፤ ለማንም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሸጥም።

ብዙ ጊዜ የማይነሱ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ነዳጁ ራሱ ነው። ዲዩቴሪየም በባሕር ውሃ ውስጥ ሞልቷል። ትሪቲየም ግን በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ እየመነመነ የሚጠፋ በመሆኑ በተፈጥሮ አይከማችም፤ በዓለም ላይ ያለው በኪሎ ግራም የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ማመንጫው ከግድግዳው ውስጥ በሚቀመጥ ሊቲየም የራሱን ትሪቲየም እያመረተ መኖር ይጠበቅበታል፤ ይህን በሙሉ መጠን ሠርቶ ያሳየ የለም። ሁለተኛው ከውሕደቱ የሚወጣው ኒውትሮን ነው። ከሚወጣው ኃይል 80 በመቶውን ይዞ የሚሮጠው እሱ ሲሆን፣ ማግኔት ስለማይዘው ግድግዳውን እየደበደበ ብረቱን ያደክማል። ማመንጫው በየስንት ጊዜው ቆሞ ግድግዳ ይቀይራል የሚለው የኤሌክትሪኩን ዋጋ ይወስነዋል።

ኃይሉ ቢገኝ ማን ይገዛዋል?

የግል ኩባንያዎች ከመንግሥታቱ ቀድመን እንደርሳለን ባይ ናቸው። ከማሳቹሴትስ የተነሳው ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 20 ቴስላ ማግኔት ሠርቶ ስለፈተነ ማሽኑን ከኢተር በብዙ እጥፍ ማሳነስ ችሏል። ቨርጂኒያ ላይ በ2030ዎቹ መጀመሪያ ሊያቆም ካሰበው 400 ሜጋ ዋት ማመንጫ ግማሹን ለመግዛት ጉግል ተዋውሏል። ሌላው ኩባንያ ሂሊየን ከእ.ኤ.አ. 2028 ጀምሮ ለማይክሮሶፍት 50 ሜጋ ዋት ለማቅረብ ውል ገብቷል፤ ይህን ቀን አንድም ሰው ሳይጠራጠር ሲቀበለው አላየሁም።

ከቀኖቹ ይልቅ የገዢዎቹ ማንነት ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያው የፊውዥን ኤሌክትሪክ የሚሄደው ሌት ተቀን የማይተኛ ዳታ ማዕከል ወዳለው፣ ውድ ዋጋ ለረጅም ዓመት ለመክፈል ወደሚፈርመው ደንበኛ ነው። እጅግ ውድ የሆነ ማመንጫ ዕዳውን የሚከፍለው ያለማቋረጥ በመሥራትና ሁሉንም በመሸጥ ብቻ ስለሆነ ከዚህ የተለየ ምርጫ የለውም።

ይህን ጠባይ ኦሞ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር፣ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ የኮይሻ ግድብ ይገነባል። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው ግሪድ ይገባል፤ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም 2,000 ሜጋ ዋት ወደ ኬንያ ማድረስ ይችላል። የናይሮቢ ደንበኛ በዶላር ይከፍላል፤ መስመሩ እስከዚያ ድረስ የተዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ከዲመካ ወጣ ብሎ በቁጥቋጦው መሐል ተበታትኖ የሚኖረው፣ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ግጦሽ ሰፈር የሚሄደው የሐመር ቤተሰብ ግን የሚፈልገው አንድ ሁለት አምፖልና የስልክ ቻርጅ ነው። ለዚህ ፍጆታ ምሰሶ ተክሎ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ ትራንስፎርመር ሰቅሎ፣ ቆጣሪ የሚያነብና ብልሽት የሚጠግን ሠራተኛ መድቦ ወጪን መመለስ አይቻልም። ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ፍየሉን የሸጠ ጎረምሳ ስልኩን ሱቅ ውስጥ ሰክቶ፣ ከፍሎ፣ ሞልቶ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በአገሪቱ ስለጠፋ አይደለም።

እንግዲህ የማመንጨት ዋጋ ነገ ዜሮ ቢሆን እንበል። ምሰሶው ዜሮ አይሆንም፤ ትራንስፎርመሩም፣ መንገዱም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ብቻ መብራት በሚያገኝበት ጊዜ ጠባቡ ቦታ ማመንጫው ላይ ሳይሆን ማከፋፈያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብርም ከቤተሰቦች 35 በመቶ ለሚሆኑት ከግሪድ ውጭ መብራት ያሰበው ለዚሁ ነው። በዚያው በደቡብ ኦሞ፣ ኦሞራቴ ላይ የተተከለው የፀሐይ ሚኒ ግሪድ የዚህ አቅጣጫ ምሳሌ ነው።

በሌላ በኩል ፊውዥን ለኦሞ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ወንዝ አይገድብም። ከጊቤ 3 በፊት ክረምት ሲወጣ ወንዙ ሞልቶ ደለል ያለብሳል፣ ሲሸሽ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሙርሲ በእርጥቡ ዳር ማሽላ ይዘራሉ። ይህ የውሃ ሸሽ እርሻ ከግድቡ በኋላ ተቋርጧል። ግድቡ ሲታቀድ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን መስኖና የስኳር ልማት ቦታውን ያዙ። ጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የስኳሩን ዕቅድ ሲያስረዱ ይህንኑ ለውጥ እንደ እድገት አቅርበውት ነበር። በፍትሐዊነት ለመናገር ነፃው ጎርፍም ቸር ብቻ አልነበረም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው የጨረሰው ያው ኦሞ ነው። ኃይልን ከወንዙ የሚያላቅቅ ቴክኖሎጂ ቢመጣ፣ ውሃው ለማን ይሂድ የሚለው ክርክር ቢያንስ የመብራት ፍላጎት ሳይጫነው ሊካሄድ ይችላል። ለደቡብ ኦሞ የፊውዥን ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ሆኖም የተሠራ ግድብ ስለማይፈርስ የሚጠቅመው ገና ላልተገደቡት ወንዞች ነው።

ሮኬቱ

ሮኬት ወደ ፊት የሚሄደው ወደ ኋላ በሚተፋው ነገር ነው። የሚተፋው በፈጠነ መጠን ለአንድ ጉዞ የሚያስፈልገው ነዳጅ ይቀንሳል። ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ቀመር መሠረት ዝምድናው እጅግ ጨካኝ ነው፤ የምንፈልገው ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ነዳጁ በእጥፍ ድርብ ያድጋል። በኬሚካል ነዳጅ የሚገኘው ከፍተኛው የጋዝ ፍጥነት በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማስወንጨፊያው የሚነሳ ሮኬት ዘጠና በመቶ ያህል ክብደቱ ነዳጅ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

መውጫዎቹ ሦስት ናቸው። ኤሌክትሪካዊው ሞተር ጋዝን በኤሌክትሪክ መስክ ገፍቶ ከኬሚካሉ በብዙ እጥፍ ያፈጥነዋል፤ ግፊቱ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከምድር አያስነሳም፣ ኅዋ ከደረሱ በኋላ ለወራት እየገፋ ነው ፍጥነት የሚያጠራቅመው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተወነጨፈችው ዶውን የተባለች መንኮራኩር ቬስታና ሴሬስ የተባሉትን የሰማይ አካላት የጎበኘችው በዚህ ነው፤ የስታርሊንክ ሳተላይቶችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ይህኛው ተስፋ ሳይሆን የዕለት ሥራ ሆኗል።

ሁለተኛው ሃይድሮጂንን በዩራኒየም ሪአክተር አግሎ መትፋት ነው፤ ውጤታማነቱ የኬሚካሉን እጥፍ ነው። አሜሪካ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምራ መሬት ላይ ስትሞክረው ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1973 ተወችው። በኋላ ድራኮ በሚል ስም እንደገና ተነሳ፣ በ2027 ኅዋ ላይ ሊሞከር ታቀደ፣ በ2025 ተሰረዘ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ የማስወንጨፊያ ዋጋ መርከሱ ውዱን ሞተር የሚያስመርጠውን ጥቅም አሳነሰው። የኬሚካል ሮኬት ሲረክስ ተጨማሪ ነዳጅ ጭኖ መሄድ አዲስ ሞተር ከመፍጠር ይቀላል።

ሦስተኛው የፊውዥን ሮኬት ነው። በሐሳብ ደረጃ ማራኪ ነው፤ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በማግኔት ተመርተው ቀጥታ ወደ ኋላ ይወጣሉ፣ ተርባይን አያስፈልግም። ኒውትሮን የማይበዛበት ነዳጅ ግን ሂሊየም 3 ሲሆን በምድር ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ ደግሞም ለመቀጣጠል ከትሪቲየሙ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። በባዶ ኅዋ ሙቀት የሚወስድ አየርም ውሃም ስለሌለ ትርፉን በጨረር የሚያስወግዱ ሰፋፊ ክንፎች መሸከም ግዴታ ነው፤ ክንፎቹ በከበዱ ቁጥር ሞተሩ ያስገኘው ብልጫ ይሸረሸራል። መሬት ላይ ያልሠራ ሪአክተር አሳንሶ ሰማይ ላይ ማሠራት ከሁሉ የራቀው ደረጃ ነው።

ስለ ሰው ልጅ ወደ ከዋክብት መሰደድ የሚነገረውንም በዚሁ ሚዛን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው መንኮራኩር ቮየጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ በዚህ ፍጥነት ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ ያለበት ርቀት 75 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው አጽም ዕድሜ በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ግድም ተገምቷል። ጉዞው የዚያን አጽም ዕድሜ ሲሶ ያህል ይወስዳል ማለት ነው።

ዲመካ ቀድሞ የደረሰው

አርዕስተ ዜና ያልሆነው ለውጥ የዋጋው ነው። በአሜሪካው ሽትል አንድ ኪሎ ግራም ወደ ምድር ምህዋር ማድረስ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር ይባላል፤ ተመልሶ በሚያርፈው ፋልከን 9 ሦስት ሺህ ዶላር አካባቢ ወርዷል። ሞተሩ የተለመደውን ኬሮሲንና ኦክስጅን የሚያነድ ነው፤ አዲሱ ነገር ዋናውን የሮኬት ክፍል አሳርፎ በርካሽ ደጋግሞ መጠቀም ነው። ይህ መርከስ ትናንሽ ሳተላይቶችን በሺዎች አበዛ። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና ታይዩዋን አስወነጨፈች፤ ከስምንት ሚሊዮን ዶላር ገደማው ወጪ ስድስት ያህሉን ቻይና ሸፈነች።

ለሐመር ከብት አርቢ ይህ ምኑ ነው? አንዱ መልስ የኢንዴክስ መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦረና ላይ የተጀመረው ይህ አሠራር የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፣ ከብዙ ዓመት አማካይ ጋር ያነጻጽራል፣ ከተወሰነ በታች ሲወርድ አርቢው ካሳ ይቀበላል። ክፍያው ከብቱ ሳይሞት ሊደርስ ስለሚችል መኖና ውሃ መግዣ ይሆናል። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉበት ድርቅ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ሳተላይቱ ሣርን ከእሾሃማ ቁጥቋጦ አጥርቶ አይለይም። ፍየል የሚቀነጥበው፣ ከብት የማይነካው ቅጠል አገሩን አረንጓዴ ሲያስመስለው ከብቱ ያለቀበት ሰው ሳይከፈለው ይቀራል። አንድ ዓመት እንዲህ የሆነበት አርቢ በሚቀጥለው ዓመት አይገዛም።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው። ባለፉት ዓመታት የቱርካና ሐይቅ እየሰፋ፣ ኦሞም እየሞላ ከዳሰነች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅለዋል። የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች አሥር ሜትር ድረስ ለይተው በየአምስት ቀኑ ያነሱታል፤ ደመና የሚያልፉ የራዳር ሳተላይቶችም አሉ፤ ምስሉ በነፃ ነው። ማንሣቱ ርካሽ ሆነ፤ ያልረከሰው አዲስ አበባ ያለውን ምስል ወደ ኦሞራቴ ቀበሌ፣ በዳሰነች ቋንቋ፣ ከውሃው በፊት ማድረሱ ነው። ኤሌክትሪኩ የቆመበት ቦታ ላይ መረጃውም ይቆማል።

ወደፊት

ፊውዥን በ2030ዎቹ መጨረሻ ወይም በ2040ዎቹ ውድ ሆኖ፣ ባለጸጋ አገሮች ውስጥ ሥራ መጀመሩ ለእኔ ከሁሉ የቀረበው ግምት ነው። ያኔ ኢትዮጵያ የምትከተለው መንገድ ብዙም አይለወጥም፤ ግድብ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ ምናልባትም አንድ የዩራኒየም ማመንጫ። ርካሽና ትናንሽ ሪአክተሮች በፍጥነት ይስፋፋሉ የሚለው ግምት ቢሳካ ለዲመካ የሚደርሰው በሽቦ ሳይሆን በተዘዋዋሪ ነው፤ በማዳበሪያ ዋጋ፣ በነዳጅ ዋጋ፣ በፋብሪካ ዕቃ። ሦስተኛው ግምት፣ ፊውዥን ደርሶ ገበያው በፀሐይ ሰሌዳና በባትሪ ተይዞ ይጠብቀዋል የሚለው፣ ከሁለተኛው የበለጠ ዕድል ያለው ይመስለኛል። ድራኮን የገደለው ዓይነት ውድድር ነው፤ የነበረው እየረከሰ አዲሱን ቦታ ያሳጣዋል።

ኮመንዌልዝ የሚገነባው ስፓርክ የተባለ ማሽን ከሚበላው በላይ ኃይል ማውጣቱ፣ በተለይም ከሊቲየም ግድግዳ በቂ ትሪቲየም መሰብሰቡ በሆነ ቦታ ከታየ፣ ይህን ሚዛን እንደገና መመዘን ይገባል። እስከዚያው ለኢትዮጵያ የሚያዋጣው ማመንጫውን መጠበቅ ሳይሆን ሰው ማሠልጠን ነው፤ የሞስኮው ዕቅድም ቢሆን የኒውክሌር መሐንዲስና ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፣ የሳተላይቱም ምስል የሚያነብ ባለሙያ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ፤ የሐመርን ቁጥቋጦ ከሣር ለይቶ የኢንዴክሱን ስሌት ለማረም የሚያስፈልገው መሬት ወርዶ የሚደረግ ልኬት ደግሞ ከተማሪዎችና ከአርቢዎች ጋር በሁለት በጋ የሚሠራ ነው።